መንግሥት በሌለበት ገበያው ብቻውን ምን ሠራ? የሶማሊያ ነገር

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞቃዲሾ ውስጥ የደራ ንግድ ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ስልክ ደርድሮ ይቀመጥ ነበር። የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ኩባንያ ደንበኛ መደወል አይችልም። ስለዚህ ደንበኞቹን ሁሉ ማግኘት የፈለገ ነጋዴ የሁሉንም መስመር ይይዛል። ከዚያው ጠረጴዛ ዱባይ ሲደውል ግን የሚከፍለው ዋጋ በአፍሪካ ከርካሾቹ ተርታ ነበር። አዲስ መስመር ቢፈልግም በጥቂት ቀናት ይገባለታል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የቤት ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነገር ነበር።

ሞቃዲሾ ቴሌ የሚባል መሥሪያ ቤት አልነበራትም። ሚኒስቴር የለም። ፈቃድ የሚሰጥም የሚከለክልም የለም። መንግሥት ራሱ አልነበረም።

«መንግሥት የሚሠራውን ሁሉ ገበያ ሊሠራው ይችላል» የሚለው ሐሳብ አሁን አሁን ደጋግሞ ይነሳል። በተለይ ራሱን «አናርኮ-ካፒታሊስት» ብሎ የሚጠራው ሀቪየር ሚሌይ በ2023 መጨረሻ የአርጀንቲና ፕሬዝዳንት ከሆነ ወዲህ ቃሉ በየዜናው ገብቷል። አንዳንዱ ሐሳቡን እንደ እብደት ያየዋል። ሌላው የነጻነት ቁልፍ ያደርገዋል። ነገሩ በተግባር የታየው ግን እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ቀረብ ብለን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ምን ይላል?

መጀመሪያ «መንግሥት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። መንግሥት ማለት በአንድ ግዛት ውስጥ ጉልበት የመጠቀም መብት የኔ ብቻ ነው የሚል፣ ለዚህም ግብር የሚያስከፍል አካል ነው። ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ገንዘብ አታሚው፣ ድንበር ጠባቂው እሱ ነው።

የዚህ ሐሳብ ሰዎች «እነዚህን ሁሉ ለምን አንድ ድርጅት ብቻ ይሸጥልናል?» ይላሉ። ጉስታቭ ደ ሞሊናሪ የተባለ ቤልጂየም የተወለደ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1849 ጥበቃም እንደ ዳቦ በውድድር ሊቀርብ ይችላል ብሎ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ መሬይ ሮትባርድ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ሐሳቡን አስፋፋው።

እድርን አስቡ። እድር እንድትገቡ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ወርሃዊ መዋጮ ትከፍላላችሁ። ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል። ካልተስማማችሁ ወጥታችሁ ሌላ እድር ትገባላችሁ። ካልከፈላችሁ ደግሞ ድንኳኑ አይመጣም። እነ ሮትባርድ የሚሉት ፖሊስና ፍርድ ቤትም እንዲሁ ይሁኑ ነው። ሁለት የጥበቃ ድርጅቶች ደንበኞቻቸው ቢጋጩ ጦርነት ኪሳራ ስለሆነ ሁለቱም ወደሚያምኑት ሸምጋይ ይሄዳሉ ባዮች ናቸው።

ሌላው አሜሪካዊ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 ሲመልስ፣ በጥበቃ ገበያ ውስጥ ጠንካራው ድርጅት ሌሎቹን እየዋጠ ይሄድና በመጨረሻ ራሱ መንግሥት ይሆናል አለ። ይህን ነገር ያዙልኝ። ኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ሶማሊያ?

የሶማሊያ ገዢ ዚያድ ባሬ በጥር 1991 ከሞቃዲሾ ሸሸ። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ እኛ ዘንድ ደርግ ወደቀ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ገዢ ገባና መሥሪያ ቤቶቹ ተመልሰው ተከፈቱ። ሞቃዲሾ ላይ ግን መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ተዘረፉ። የስልክ ሽቦው ከመሬት ተቆፍሮ ለመዳቡ ሲባል ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ጦርነትና የ1992ቱ ረሀብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ይህን ሳያስታውሱ «ገበያው አበበ» ማለት ግፍ ነው። በ2000 ጅቡቲ አርታ ላይ፣ ከዚያም በ2004 የሽግግር መንግሥታት ተመሠረቱ። ሆኖም ከስም ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም። ዓለም በሙሉ ያወቀው የፌዴራል መንግሥት የቆመው በ2012 ነው። በመሀል ያሉት ዓመታት ናቸው የሚያስተምሩን።

የሐሳቡ ደጋፊዎች አንድ ተገቢ ተቃውሞ አላቸው። «ሶማሊያ ይህን አልመረጠችም፣ ከጦርነት ፍርስራሽ ነው የተነሳችው» ይላሉ። እውነት ነው። ይሁንና ሰው በገዛ ብልሃቱ ምን እንደሚሠራ፣ የቱ ላይ እጁ እንደሚያጥር ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለንም።

ማዕከላዊ ባንክ ሳይኖር ገንዘቡ እንዴት ዋጋ ያዘ?

የሶማሊያ ማዕከላዊ ባንክ ከመንግሥቱ ጋር ፈረሰ። ሽልንጉ ግን ከኪስ ወደ ኪስ መዞሩን ቀጠለ። ከጀርባው ወርቅ የለም፣ ባንክ የለም፣ ገዢም የለም። ሻጯ የምትቀበለው ነገ ሌላው እንደሚቀበላት ስለምታውቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። የጦር አበጋዞችና ነጋዴዎች ውጭ አገር እያሳተሙ ብር በመርከብና በአውሮፕላን ያስገቡ ጀመር። ባለ 1000 ሽልንጉ ኖት ዋጋው እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። በመጨረሻ ከጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ጋር እኩል ሆነ። ያ ዋጋ ኖቱን ለማሳተምና ለማጓጓዝ ከሚወጣው ወጪ ጋር ተቀራረበ። እዚያ ላይ ማተሙ አላዋጣ አለ፣ ውድቀቱም ቆመ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ኋላ በ2017 ሲገምት፣ አገር ውስጥ ከሚዘዋወረው ሽልንግ 98 በመቶው ሐሰተኛ ነው አለ።

እንግዲህ ገበያው ለሐሰተኛ ኅትመት ልጓም አበጀለት ማለት ነው። ልጓሙ የተሳበው ግን ገንዘቡ ወደ ወረቀቱ ዋጋ ከወረደ በኋላ ነው። አስመጪው ድሮውንም በዶላር ነበር የሚሠራው፣ ብዙም አልነካው። የተጎዳችው በሽልንግ ወተት ሸጣ፣ በሽልንግ ያጠራቀመችው ሴት ናት።

መፍትሔው የመጣው ከስልክ ኩባንያዎች ነው። በ2009 ቴሌሶም «ዛድ»ን ሶማሌላንድ ውስጥ ጀመረ። በ2011 ሆርሙድ «ኢቪሲ ፕላስ»ን ሞቃዲሾ ላይ ከፈተ። ገንዘቡ ዶላር ነው፣ የሚቀመጠው ስልክ ውስጥ ነው። የዓለም ባንክ በ2018 እንዳለው በወር ወደ 155 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ገንዘብ ይተላለፍ ነበር፣ ድምሩም 2.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሻይ ጠጥቶ ቁጥር መታ መታ አድርጎ መሄድ እዚያ የተለመደው እኛ ቴሌብርን ሳናውቅ ነው።

ስልክና ሐዋላ ለምን ተሳካላቸው ካላችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ያልከፈለውን ሰው ማስቀረት ይቻላል? ያልከፈለው ስልኩ ይዘጋል። የኤሌክትሪክም እንደዚሁ ነው። አንዱ ጄነሬተር ገዝቶ ለሰፈሩ ሽቦ ይዘረጋል፣ ያልከፈለው መስመሩ ይቆረጣል። ውድ ነበር፣ አንዳንድ ቦታ ኪሎዋት ሰዓቱ እስከ አንድ ዶላር ይደርስ ነበር። ግን መብራት ነበር።

ሐዋላው በማን ታምኖ ይሠራል?

እኛ «ሐዋላ» ስንል ከውጭ የሚላክ ገንዘብን ሁሉ ማለታችን ነው። ሶማሌዎች ዘንድ ቃሉ ከሥርዓቱ ጋር ነው። ሚኒያፖሊስ ያለ ልጅ ለእናቱ 200 ዶላር ሰፈሩ ላለው ወኪል ይሰጣል። ወኪሉ ስሟን፣ ስልኳንና ያለችበትን ከተማ ይልካል። እዚያ ያለው ወኪል ይደውልላታል፣ ማንነቷን አጣርቶ ይከፍላታል። ብሩ ራሱ በዚያች ሰዓት ባሕር አልተሻገረም። ሁለቱ ወኪሎች በኋላ በዱባይ በኩል ይተሳሰባሉ፣ ብዙ ጊዜ በሸቀጥ። ዋስትናው ስምና ዝምድና ነው። የካደ ወኪል እሱ ብቻ ሳይሆን ወገኑም ያፍራል።

ቤተሰብ የኖረው በዚህ ነው። በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በዚህ መንገድ ይገባ ነበር። ነገር ግን በኅዳር 2001 አሜሪካ ትልቁን የሐዋላ ድርጅት አል-ባረካትን በሽብር ጠርጥራ ዘጋችው። በ2013 ደግሞ የእንግሊዙ ባርክሌይስ ባንክ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ እዘጋለሁ ሲል ለንደን ያለው ሶማሌ ሁሉ ደነገጠ። የባንኩ ጥያቄ አጭር ነበር። እናንተን ማን ይቆጣጠራችኋል?

ፍርድ ቤት ከሌለ ማን ይዳኛል?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ሶማሌዎች መንግሥት ከመኖሩ በፊትም ሕግ ነበራቸው። «ሔር» ይባላል። ያልተጻፈ፣ በሽማግሌዎች ቃል የሚኖር የጎሳ ሕግ ነው። ጥፋት ሲፈጸም ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ይታሰር?» አይደለም፣ «ምን ያህል ይካስ?» ነው። አንድ ወንድ ከተገደለ የደም ካሳው በልማድ 100 ግመል ነው። ሴት ከሆነች 50።

100 ግመል አንድ ሰው ከየት ያመጣል? አያመጣም። ከፋዩ «መግ» የሚባለው የዘመዳሞች ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ወንድ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺዎች የሚደርስ አባል ባለው ማኅበር ውስጥ ይወለዳል። አንዱ ቢያጠፋ ሁሉም ያዋጣል። አንዱ ቢገደል ካሳው ለሁሉም ይከፋፈላል። እድር ለሐዘን እንደሚያዋጣው መግ ለደም ያዋጣል። ስለዚህ ማኅበሩ ጋጠወጥ ልጁን ራሱ ይቆጣዋል፣ ኪሱን ስለሚነካው። የኦሮሞን ጉማ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም።

ንግዱም በዚሁ ዓይነት ዋስትና ቆመ። ከ1991 በኋላ ወደ ኬንያ ጋሪሳ የሚነዳው የከብት ንግድ በጣም አድጓል። ገዢው ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን በምን ያውቃል? ደላላው ይዋሳል። «ዲላል» ይሉታል፣ ቃሉ ከኛው ደላላ ጋር አንድ ነው። ሻጩን የሚያውቀው እሱ ነው። ከብቱ የሌባ ሆኖ ከተገኘ ተጠያቂውም እሱ ነው።

እስካሁን ያለውን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ያማረ ይመስላል። አሁን ከሌላው ወገን እንየው። ጥበቃው የተመሠረተው ከጀርባህ ስንት ሰው አለ በሚለው ላይ ነው። ሀብታምና የታጠቀ ጎሳ ያለው ሰው ካሳውን ያገኛል። በጁባና በሸበሌ ወንዞች ዳር የሚያርሱት የሶማሌ ባንቱዎች ግን ከኋላቸው እንዲህ ያለ ኃይል አልነበራቸውም። መሬታቸው ተነጠቀ፣ እህላቸው ተዘረፈ። በ1992ቱም በ2011ዱም ረሀብ አብዝተው ያለቁት እነሱና ራሀንዌይን የሚባሉት የደቡብ ጎሳዎች ናቸው። ከእድር እድር መቀየር ይቻላል። ከተወለዱበት ጎሳ ግን ወጥቶ ሌላ መግባት ከባድ ነው። የሐሳቡ ሰዎች «አማራጭ» የሚሉት ነገር እነዚህ ገበሬዎች ዘንድ አልደረሰም።

ታዲያ ገበያው የት ላይ ተሰናከለ?

ከሁሉ የሚገርመኝ የበጉ ጉዳይ ነው። ሶማሌዎች በግና ፍየል ወደ ሳዑዲ መላክ የኖሩበት ሥራ ነው። በበርበራና በቦሳሶ ወደቦች ከሚጫነው ውስጥ ብዙው ከኛው ሶማሌ ክልል ተነድቶ የሚሄድ ነው። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ተነሳና ሳዑዲ በሯን ዘጋች። እስከ 2009 መጨረሻ አልከፈተችም።

በጎቹ ሁሉ ታመው አልነበረም። የጠፋው «እነዚህ ጤነኞች ናቸው» ብሎ የሚፈርምና ፊርማውን ሌላ መንግሥት የሚቀበለው ሐኪም ነው። የግል የእንስሳት ሐኪም ሞልቷል። ሳዑዲ ግን የነጋዴውን ወረቀት አትቀበልም፣ ነጋዴው ለራሱ በግ እንደሚመሰክር ስለምታውቅ። ሶማሌላንድ የራሷ አስተዳደር ቢኖራትም ዓለም ስላላወቃት የሷም ፊርማ ክብደት አልነበረውም። በሩ የተከፈተው አንድ የሳዑዲ ባለሀብት በርበራ ላይ የእንስሳት መመርመሪያና ማቆያ ከገነባና የሳዑዲ መንግሥት ያንን ከተቀበለ በኋላ ነው። ግንባታው የግል ነው፣ ማኅተሙ ግን የመንግሥት። በመሀል በነበሩት ዘጠኝ ዓመታት ከጅግጅጋ ማዶ ያለው አርብቶ አደር ሁሉ ዋጋ ከፍሏል።

የሞቃዲሾ ወደብና አውሮፕላን ማረፊያም ሌላ ምሳሌ ናቸው። ከ1995 ጀምሮ ለ11 ዓመት ያህል ተዘግተው ኖሩ። ወደቡ ቢከፈት ሁሉም ይጠቀማል። ግን አንዱ የጦር አበጋዝ ከፍቶ ገቢውን እንዳይወስድ ሌላው በመሣሪያ ይዘጋበታል። ነጋዴዎቹ ምን አደረጉ? ከከተማው በስተሰሜን ኤል-መአን በሚባል ባዶ የባሕር ዳርቻ ላይ መርከቡን ራቅ አድርገው አቆሙ፣ ዕቃውን በጀልባና በሰው ትከሻ አወረዱ። አውሮፕላኑም 50 ኪሎ ሜትር ርቆ በአቧራ ሜዳ ላይ ያርፋል። ብልሃቱ ያስደንቃል። የተሠራ ወደብ አጠገብ ቆሞ ስኳር በትከሻ መሸከም ግን ያሳዝናል።

ግራሩን ማንም አልጠበቀውም። ለከሰል ተቆርጦ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ተጫነ። ሻጩ አተረፈ፣ ገዢውም አተረፈ። ግጦሹ የተራቆተበት ግመል አርቢ ግን በግብይቱ ውስጥ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የከሰሉን ንግድ ያገደው በ2012 ነው።

ጉልበት ራሱ ሸቀጥ ሲሆንስ?

አሁን ወደ ኖዚክ እንመለስ። በ1990ዎቹ በየመንገዱ ኬላ ነበር። እንደ ዘመነ መሳፍንት ኬላ ማለት ነው፣ በየወረዳው አንድ ባለ ጠመንጃ ቆሞ ቀረጥ ይቀበላል። ነጋዴው ለአንዱ ከፍሎ ጥቂት ሳይሄድ ሌላው ያስቆመዋል። የጭነቱ ዋጋ በየኬላው ይጨምራል፣ የሚከፍለውም በመጨረሻ እህል ሸማቹ ድሃ ነው።

በ1999 የሞቃዲሾ ነጋዴዎች በቃን አሉ። ለጦር አበጋዞቹ መክፈል አቆሙ። የአበጋዞቹን ታጣቂዎች በተሻለ ደመወዝ ወሰዱና በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥር አደረጓቸው። ሐሳቡ በመጽሐፍ እንዳለው፣ ደንበኛው ከመጥፎ ድርጅት ወጥቶ የተሻለ ጥበቃ ገዛ። ሌብነት ቀነሰ። ፍርድ ቤቶቹ ግን ተባበሩ፣ በሰኔ 2006 ሞቃዲሾን በሙሉ ያዙ። ኬላዎቹን አነሱ፣ ወደቡንና አውሮፕላን ማረፊያውን ከፈቱ። ጠንካራው ድርጅት ሌሎቹን ውጦ መንግሥት ለመሆን ተቃረበ። ነጋዴው ደመወዝ ሲከፍላቸው የነበሩ ሰዎች አሁን እሱን አዛዥ ሆኑ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ 2006 የኢትዮጵያ ጦር ገባ፣ ፍርድ ቤቶቹ ተበተኑ፣ ጦሩ በጥር 2009 ወጣ። ከፍርድ ቤቶቹ የወጣቶች ክንፍ አል-ሸባብ በረታ። ሞቃዲሾ ያለው ሂራል የተባለ የጥናት ተቋም በ2020 ሲገምት ቡድኑ በወር ቢያንስ 15 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስባል አለ። የጭነት መኪና አንዴ ያስከፍላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ደረሰኙ ቀጣዩ ኬላው ላይ ይሠራል። ልዩነቱ አልከፍልም ያለ ደንበኛ ይገደላል። ከዚህ «ድርጅት» ወጥቶ ሌላ መምረጥ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያድ ባሬ ዘመን ይሻል ነበር?

ፒተር ሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ2007 ይህንኑ ጠየቀ። ከ1985 እስከ 1990 ያለውን ከ2000 እስከ 2005 ካለው ጋር በ18 መለኪያ አነጻጸረ። በ14ቱ የኋለኛው ይሻላል። ዕድሜ ረዝሟል፣ የሕፃናት ሞት ቀንሷል፣ ስልኩ እጅግ በዝቷል። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰውና ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ግን ቀንሰዋል። ትምህርት ቤት ጠፍቶ አይደለም። የሞቃዲሾ ዩኒቨርሲቲን የሚያህል የግል ተቋም በ1997 ተከፍቷል። ክፍያ የሌለው ልጅ ነው ውጭ የቀረው።

ቁጥሩን ስናነብ ማን ከማን ጋር እንደተነጻጸረ አንርሳ። ባሬ የገዛ አገሩን ከተማ ሀርጌሳን በ1988 በአውሮፕላን የደበደበ ገዢ ነው። እንደዚያ ካለ መንግሥት ያለ መንግሥት መኖር ሊሻል ይችላል፣ ይህን አልክድም። ይሁንና በ2010 እና በ2012 መካከል በደቡብና መካከለኛው ሶማሊያ በረሀቡ ወደ 260,000 ሰው አለቀ፣ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። ስልኩ ይሠራ ነበር። ሐዋላውም ይሠራ ነበር። ውጭ ዘመድ ያለው ተረፈ፣ የሌለው ቀረ።

ሰሜኑ ሌላ መንገድ ሄደ። ሶማሌላንድ በግንቦት 1991 ነጻነቷን አወጀች። በ1993 ሽማግሌዎች ቦረማ ላይ ለወራት ተቀምጠው መክረው ሥርዓት አቆሙ። ፕሬዝዳንቱ መሐመድ ኢብራሂም ኤጋል ከከብት ነጋዴዎች ተበድሮ ታጣቂዎቹን ወደ አንድ ጦር ሰበሰበ። ነጋዴዎቹ በምላሹ የቀረጥ እፎይታ አገኙ። እዚያ ገበያው ገንዘቡን መንግሥት ለመግዛት አዋለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሞቃዲሾ ላይስ? ስልኮቹን የሚያገናኝ፣ ኩባንያዎቹንም የሚቆጣጠር ሕግ በ2017 ወጣ። በየካቲት 2021 ደግሞ እንደገና የቆመው ማዕከላዊ ባንክ የመጀመሪያውን የሞባይል ገንዘብ ፈቃድ ለሆርሙድ ሰጠ። ኩባንያው አገልግሎቱን ያለ ማንም ፈቃድ አሥር ዓመት ሙሉ ሲሠራ ኖሯል፣ ለአገር ውስጥ ደንበኛው ወረቀቱ ብዙም አያስፈልገውም። ውጭ ያሉት ባንኮች ግን ባርክሌይስ የጠየቀውን ነው የሚጠይቁት። አሁን የሚያሳያቸው ፊርማ አለው።